ምላጩ ይወልቃል፣ ሲቆርጥም ጠማማ ነው፤ ስለ ብረት ባንድሶ የምታውቁ እርዱኝ

የበቆሎ መፈልፈያ (ፍኖተ ሰላም)

እንዴት ሰነበታችሁ? ያለሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ግቢዬ ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰች ወርክሾፕ አለችኝ። በር፣ መስኮት፣ የበቆሎ መፈልፈያ እሠራለሁ። እንጀራዬ መፈልፈያው ነው። አዝመራ ሲገባ ሰው ይሰለፍብኛል፣ ከዚያ በኋላ ጭር ይላል።

እስከ ዛሬ ሁሉንም የምቆርጠው በግራይንደር ነበር። ባለ 30 ሚሊ ድፍን ሻፍት በግራይንደር መቁረጥ ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ዲስክ ይፈጃል፣ ጆሮ ያደነቁራል፣ ጎረቤትም ጥሩ ፊት አያሳይም። አሁን የባለቤቴ ወንድም ከአሜሪካ ዕቃ ሲያስገባ አንድ አሮጌ የብረት ባንድሶ አብሮ ጫነልኝ። ያቺ በሁለት መዘውር ላይ በሚዞር የቀለበት ምላጭ፣ ተኝታም ቆማም የምትቆርጠዋ ትንሽ ማሽን ናት። ሞርሳዋ 10 በ15 ሴንቲ የሚሆን ብረት ይይዛል። ማኑዋል የላትም። እሱም ከጎረቤቱ ገዛት እንጂ አንድ ቀን አልሠራባትም።

ችግሩ እንዲህ ነው። አስነስቻት ጥቂት እንደሄደች ምላጩ ከመዘውሩ ላይ ይወልቃል። እመልሰዋለሁ፣ አጠብቀዋለሁ፣ ደግሞ ይወልቃል። ሳይወልቅ የቆረጠ ጊዜም አቆራረጡ ያሳፍራል። ባለ 50 ሚሊ ክብ ብረት ላይ ከላይ ጀምሮ ታች እስኪደርስ 3 ሚሊ ያህል ወደ ጎን ይሸሻል። ሌላው ሞተሩ ነው። ቀን ቀን ይነሳል። ማታ ግን «እምምም» ይልና ዝም ብሎ ይቀራል። ታርጋው ላይ 115/230 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 1725 ዙር የሚል ተጽፎበታል።

ምላጩን ልቀይር? ወይስ ማሽኗ ራሷ አልቆላታል? ምላጭስ ከየት ይገኛል? ፎቶ ልልክ ነበር፣ ኔትወርኩ አልጭንም አለኝ።

ጣና ዳር (ባህር ዳር)

ወንድሜ፣ ሽጣትና ባለ 14 ኢንች ካት ኦፍ (የዲስክ መቁረጫ ማሽን) ግዛ። ብረቱን ታስቀምጣለህ፣ ትጫናለህ፣ አለቀ። እኔ ቀኑን ሙሉ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) የምቆርጠው በሱ ነው። ባንድሶ የፋብሪካ ዕቃ ነው፣ ለኛ ቅንጦት ነው። በዚያ ላይ የአሜሪካ ሞተር ነው፤ አንድ ቀን ጭስ በጭስ ያደርግሃል።

ቶርኖ ማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

ካት ኦፍ ግዛ ያለው ልጅ ለበርና ለመስኮት ከሆነ ልክ ነው። ለሻፍት ግን አልስማማም። እኔ ቶርኖ ቤት (ብረት እየዞረ በቢላ የሚስተካከልበት) ነው የምሠራው። በዲስክ የተቆረጠ ሻፍት ሲመጣልኝ ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚመጣው። ካርቦኑ ከፍ ያለ ብረት ከሆነ እዚያ ጫፍ ላይ በአንድ ጊዜ ይግልና ወዲያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ይጠነክራል። የቶርኖዬ ቢላ ገና ሲነካው ይሸረፋል። ሂሳቡን የሚከፍለው ደግሞ ቆራጩ አይደለም፣ እኔ ነኝ። በባንድሶ የተቆረጠውን ግን ወዲያው በባዶ እጅህ ታነሳዋለህ። ማሽንህን አትሽጣት።

ሳላያት አውቃታለሁ። በተለያየ ቀለምና በተለያየ ስም ትሸጣለች እንጂ ውስጧ አንድ ነው። ምላጯ 13 ሚሊ ስፋት፣ 0.65 ሚሊ ውፍረት፣ 1638 ሚሊ ዙሪያ ነው። በኢንች 64 ተኩል ማለት ነው። የራስህን በክር ለክተህ አረጋግጥ፣ ከዚያ መርካቶ ያለ ሰው ላክ።

አሁን ወደ ሥራው። ሰው ምላጭ ሲወልቅበት መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ምላጩን ከጎንና ከጀርባ ወደሚደግፉት መሪ ኩሽኔታዎች ነው። እነሱን ተዋቸው። እንዲያውም ሁለቱንም መሪዎች ከነማቀፊያቸው ፈትተህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣቸው። ምላጭ በሁለቱ መዘውሮች ብቻ፣ ያለማንም ደጋፊ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። መዘውሮቹ ላይ አልረጋ ያለውን ምላጭ በኩሽኔታ አስገድደህ ብታስኬደው ወይ ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ወይ ኩሽኔታህን ይበላዋል። ስለ ባንድሶ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምለው ይኸንን ነው። ግማሹ አይሰማኝም።

ከሁሉ በፊት ግን ሶኬቱን ንቀል። ምላጩን አውጣ። ከካምቢዮው በሚወጣው ሻፍት ላይ ያለውን የታችኛውን መዘውር በሁለት እጅህ ያዝና ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ ሳበው። ከተንቀሳቀሰ በሽታውን አገኘኸው። መዘውሩን ሻፍቱ ላይ የምትይዝ አንዲት ጭንቅላት የሌላት ብሎን አለች። እሷ ስትላላ መዘውሩ በሥራ ላይ ቀስ እያለ ይጓዛል፣ ኪዩም (መዘውሩን ከሻፍቱ ጋር የምታያይዘው ትንሽ ብረት) አብሮት ይወጣል። ያኔ ሁለቱ መዘውሮች አንድ መስመር ላይ አይሆኑም። ቀጥነቱን የምታምነው ቁራጭ ቱቦላሬ ሁለቱ ፊት ላይ አጋድመህ እየው። የላይኛውን ደግሞ አወዛውዘው። ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዘህ ሂድ እንጂ «የባንድሶ ኩሽኔታ» ብለህ አትጠይቅ፣ የለም ነው የሚሉህ። ቁጥሩ ካለህ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ያወጣልሃል።

ምላጩን ስትመልስ የጥርሱን አቅጣጫ እይ። ብረት በሚቆርጥበት በኩል ጥርሱ ወደ ታችኛው መዘውር፣ ማለትም ወደ ማጠፊያው፣ ማየት አለበት። ማሽኗ ምላጩን ብረቱ ውስጥ ትጎትተዋለች እንጂ አትገፋውም። ወደ ሌላው ካየ እንደ ካልሲ ገልብጠው፣ ውስጡ ወደ ውጭ ይሁን። አዲስ ምላጭ ገዝተው ተገልብጦ ገብቶ «አይቆርጥም» ብለው የሚመልሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ከዚያ ውጥረት። ማስወጠሪያዋን እጅህ የቻለውን ያህል አጥብቅ፣ በኪያቬ ግን አትርዳው። የላይኛው መዘውር ማቀፊያ ይጎብጥብሃል። ሥራ ስትጨርስ አላላው፤ ተወጥሮ የሚያድር ምላጭ ዕድሜው ያጥራል።

አሁን ዋናው። ከላይኛው መዘውር ጀርባ ማቀፊያውን የሚይዙ ብሎኖችና አንዲት ትንሽ ማስተካከያ ብሎን አሉ። ማስተካከያዋ መዘውሩን ታጋድለዋለች። ያዢዎቹን በጥቂቱ ብቻ አላላ። ከዚያ ቺንጋውን በእጅህ እየጎተትህ ማሽኗን አዙር። ዓይንህ የምላጩ ጀርባና የመዘውሩ ከንፈር መካከል ይሁን። ጀርባው ከንፈሩን እየፋቀ ከሆነ ማስተካከያዋን ከሩብ ዙር ባነሰ አዙራትና እንደገና በእጅህ አሽከርክር። ምላጩ ወዲያው አይታዘዝም። መዘውሩ ጥቂት ከዞረ በኋላ ነው ፈቀቅ ማለት የሚጀምረው። አልሄደም ብለህ ብሎኗን ደግመህ ካዞርክ አልፎ ሄዶ በሌላው በኩል ይወልቃል። ጠብቀው። በጀርባውና በከንፈሩ መካከል የወረቀት ያህል ሲቀር እዚያው ተወው። ያዢዎቹን ስታጠብቅ መዘውሩ ትንሽ ይዛነፋል፣ ስለዚህ ካጠበቅህም በኋላ እየው። በእጅ ዞሮ ከረጋ ብቻ ነው ሶኬት የሚሰካው።

ምላጩ ያለ መሪ ረግቶ ሲሄድ መሪዎቹን መልስ። ከጎን ኩሽኔታዎቹ የአንዱ ብሎን መሃሉ የተዛነፈ ነው። ስታዞረው ኩሽኔታው ወደ ምላጩ ይጠጋል ወይም ይርቃል። ልኩን በጣትህ ታውቀዋለህ። ምላጩ ቆሞ ኩሽኔታውን በጣትህ ስታዞረው ምላጩን እየነካ፣ እየተንሸራተተ መዞር አለበት። ጨርሶ እምቢ ካለ ጠብቋል። በመካከላቸው ብርሃን ከታየህ ላልቷል። ከምላጩ ጀርባ ያለው ኩሽኔታ ደግሞ ሳይቆርጥ መነካት የለበትም፣ ሲቆርጥ ብቻ ነው ጀርባውን የሚሸከመው።

መሪዎቹን ብረቱ እስከፈቀደልህ ድረስ ወደ ሞርሳው አስጠጋ። ለ50 ሚሊ ብረት 15 ሴንቲ ከፍተህ ከቆረጥክ ምላጩ መሃል ላይ ይጎብጥና የፈለገበት ይሄዳል። ከዚያ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) አልጋው ላይ አቁመህ ከምላጩ ጎን አስጠጋ። ከሆዱ ላይ ነው የሚለካው። ጥርሱ ግራና ቀኝ ስለተከፈተ እሱ ላይ ካስጠጋህ ይዋሽሃል። ካልገጠመ መሪውን ከነማቀፊያው ትንሽ አዙረው።

ይኸን ሁሉ አድርገህ ተመለስ። ምላጭ መግዛት ከዚያ በኋላ ነው።

የበቆሎ መፈልፈያ (ፍኖተ ሰላም)

አያ ቶርኖ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ የታችኛውን መዘውር ስስበው ወደ ውጭ መጣ! ኪዩ ግማሹ ወጥቷል። ብሎኗ ክሯ ስላለቀ አንድ ቁጥር አስፍቼ ክር አወጣሁላትና አዲስ ገጠምኩ። መዘውሩን በቱቦላሬ እያየሁ መስመር አስገባሁት። ምላጩ አሁን ያለ መሪ ይሄዳል። ግራ ጎረቤቴ ቆሞ ሲያይ ነበር፣ «ይኼ ነገር ከመቼ ወዲህ ነው ዝም ያለው» አለ።

አቆራረጡ ተሻሽሏል፣ ግን አሁንም ጥቂት ይሸሻል። ወደ አንድ ሚሊ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ነው። ደግሞ 40 በ40 ቱቦላሬ ላይ ሞክሬው ጥርሱ ተረገፈ። ቀጭን ብረት ነው፣ 1.5 ሚሊ። ከሻፍቱ ይቀለዋል ብዬ ነበር እኮ።

የሞተሩንስ የሚያውቅ የለም?

ባለ ቴስተሩ (ባህር ዳር)

የሞተሩን እኔ ልሞክር። ጭስ በጭስ የሚለውን እርሳው። ታርጋው 115/230 ካለ ውስጡ ሁለት ጥቅል አለው። ለ115 ጎን ለጎን፣ ለ230 ተከታትለው ይታሰራሉ። የሽቦ ሳጥኑ ክዳን ጀርባ ላይ ሥዕሉ አለ። እዚያ ለ230 መታሰሩን አረጋግጥ። የኛ መብራት 220 ነው፣ ይበቃዋል።

60 ኸርዝ የሚለው ነው ቁምነገሩ። የኛ 50 ነው። ሞተሩ በስድስተኛ ያህል ዝግ ይላል። 1725 የነበረው ወደ 1440 ይወርዳል። በአሜሪካ መብራት ይህች ማሽን ብዙ ጊዜ በደቂቃ 80፣ 120 እና 200 ጫማ ናት። እኛ ጋ ስትመጣ በደቂቃ 20፣ 30 እና 51 ሜትር አካባቢ ትሆናለች። ለብረት መቁረጫ ይህ ምንም አይጎዳም፣ እንዲያውም ለምላጩ ደግ ነው። ሞተሩ ግን በ50 ኸርዝ ሲሠራ ከለመደው በላይ ይሞቃል። መዳፍህን አስቀምጠህ መቆየት ካልቻልክ አሳርፈው። የሚገርምህ ቮልቴጁ ወደ 190 ሲወርድ ጥቅሉ ለተጠቀለለበት የሞተሩ የውስጥ ብረት ይስማማዋል፣ ኸርዙም ቮልቱም አብረው ወርደዋልና። የሚቸገረው መነሳት ላይ ነው።

የማታው «እምምም» ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛ ቮልቴጅ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ይወርዳል። ሞተሩ ሲነሳ ቴስተር ሰክተህ እይ እንጂ ቆሞ ሳለ የምታነበው ቁጥር ምንም አይነግርህም። ከቆጣሪህ እስከ ወርክሾፕህ የዘረጋኸው ገመድ ቀጭን ከሆነም ሲነሳ እዚያው ላይ ይጠፋል። ቢያንስ 2.5 ካሬ ሽቦ ይሁን። ሁለተኛ ካፓሲተሩ። አሮጌ ካፓሲተር አቅሙ ይወርዳል፣ በደህና ቮልቴጅ ያስነሳል፣ በደካማ አያስነሳም። ያንተ ምልክት ለዚህ ይቀርባል። ከመንካትህ በፊት ሁለቱን ጫፍ በአምፖል በኩል አገናኝተህ ባዶ አድርገው፣ ይመታል። ማይክሮ ፋራዱን ያው፣ ቮልቱን ያው ወይም ከፍ ያለ አድርገህ ቀይር። ሦስተኛ፣ ከኋላ ያለችው ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ካፓሲተሩን የምትቆርጠው ማብሪያ። ዘይትና የብረት ዱቄት ሲገባባት ትጣበቃለች። ከፍተህ በብሩሽ ጥረጋት፣ መነካኪያዋን በቀጭን የአሸዋ ወረቀት አድሳት።

«እምም» ሲል በእጅህ ቺንጋውን ገፍተህ የምታስነሳው ከሆነ፣ እባክህ ተው። ጣት ይሄዳል። ወዲያው አጥፋው። ቆሞ የሚያጉረመርም ሞተር በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል።

ጣና ዳር (ባህር ዳር)

እሺ፣ ለሻፍት ይሁን። ቱቦላሬ ላይ ግን ጥርሱ ረገፈ አላለም እንዴ?

ቶርኖ ማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

ረገፈ። ለምን እንደረገፈ ልንገርህ። ሕጉ አንድ ነው፦ ሁልጊዜ ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ውስጥ መሆን አለበት። ያንተ ምላጭ በኢንች 14 ጥርስ ነው። አንዱ ጥርስ ከሌላው 1.8 ሚሊ ይርቃል። 1.5 ሚሊ ግድግዳ በሁለት ጥርስ መካከል ገብቶ ይደበቃል። የሚመጣው ጥርስ ከመቁረጥ ይልቅ ይገጭበታል። አንዱ ሲረግፍ ቀጣዩ ያንን ክፍተት ተሸክሞ ይመጣል፣ እሱም ይረግፋል። ባለ 50 ሚሊው ክብ ብረት ግን ድፍን ነው፣ መሃሉ ላይ ከሃያ በላይ ጥርስ በአንድ ጊዜ ይገባበታል። ለዚህ ነው ወፍራሙ የቀለለው።

ለቱቦላሬ በኢንች 24 ጥርስ ያለው ምላጭ ግዛ። እሱም ቢሆን በ1.5 ሚሊ ላይ ሕጉን አያሟላም፣ ግን ቀስ ብለህ ከሰደድከው ይሸከመዋል። ቱቦላሬውን ደግሞ በጠፍጣፋ ጎኑ አታስተኛው፣ ጥጉ ወደ ላይ ሆኖ ይቁም። ያኔ ምላጩ ግድግዳውን በሰያፍ ስለሚያገኘው ብዙ ብረት ይነክሳል። ባለ 40 አንግል (በማዕዘን የታጠፈ ባለ ሁለት ክንፍ ብረት) ስትቆርጥም ጥጉ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ክንፎች ወደ ታች ይሁኑ። ክንፉን ቀጥ አድርገህ ካቆምከው መጀመሪያ ቀጭኑ ላይ ይወድቅና ታች ሲደርስ ድንገት የክንፉ ሙሉ ስፋት ይመጣበታል። ላንተ ሁለት ምላጭ ይበቃሃል፣ አንዱ 14 ለሻፍት፣ ሌላው 24 ለቱቦላሬ። አንድ ብቻ ግዛ ካልከኝ 14 እና 18 የተቀላቀለበትን እመርጥልሃለሁ። የጥርሱ ርቀት ስለሚለያይ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል። ሁለት ዓይነት ብረት ተዋህዶ የተሠራውን ውሰድ፣ ጀርባው ተለማጭ፣ ጥርሱ ጠንካራ ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን የካርቦኑን ርካሽ ሦስት ጊዜ ከመግዛት ይሻላል።

ወደ አንድ ጎን የሚሸሸው ነገር። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ከሆነ ስኳድራህን አትውቀስ። ጥርሱ ከሚሸሽበት በተቃራኒው ጎን ስለደነዘዘ ነው፣ ስለታሙ ጎን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። በአሮጌ ምላጭ ላይ ይህን ለማረም የምትደክመው ድካም አዲሱን ይገዛልሃል። ማረጋገጥ ካማረህ ከክቡ ብረት ቀጭን ቁራጭ ቁረጥና ዙሪያውን በካሊፐር ለካው። ሲቆረጥ ከላይ የነበረውና ከታች የነበረው ቦታ ውፍረታቸው ከተለያየ ምላጩ ወይም መሪው ነው። ከፊት የነበረውና ከኋላ የነበረው ከተለያየ ሞርሳው ነው የተዛነፈው። ሞርሳው ላይ ያለችውን የማዕዘን ምልክት አትመናት፣ ፋብሪካ ለጌጥ ነው የሚቀባት።

ሌላው ክብደቱ ነው። ይህች ማሽን ጭንቅላቷ በራሷ ክብደት ነው የሚወርደው፣ ከኋላ ያለችው ሞላ ናት የምታቀልላት። ሞላዋ ከላላች ክንዱ በሙሉ ክብደቱ ብረቱ ላይ ይወድቃል። ምላጩ ይታጠፋል፣ ያንተው 3 ሚሊ ይመጣል። ማር የምንመዝንባትን የመንጠቆ ሚዛን ከክንዱ ጫፍ ላይ አንጠልጥለህ ወደ ላይ ሳበው። እኔ ወደ 4 ኪሎ አድርጌ ነው የምሠራው፣ ለቱቦላሬ ደግሞ አቀልለዋለሁ። አዲስ ምላጭ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቁርጦች በግማሽ ክብደት ሂድ። ጥርሱ ገና ከፋብሪካ ሲመጣ ጫፉ ከመጠን በላይ ሹል ነው፣ ሙሉ ክብደት ከሰጠኸው ይሰበራል።

ልክ መሆኑን የሚነግርህ ፍቅፋቂው ነው። ተጠቅልሎ፣ ነጭ ሆኖ ከወደቀ ደህና ነው። ዱቄት ከሆነ ምላጩ እየዳበሰ ነው እንጂ እየቆረጠ አይደለም፣ ወይ ክብደት ጨምር ወይ ፍጥነት ቀንስ። ሰማያዊ ሆኖ ወፍሮ ከመጣ በዝቷል። ፍጥነቱን ለሻፍት ዝቅተኛው ላይ አድርገው፣ ለተራ ቱቦላሬ መካከለኛው፣ ለአሉሚኒየም ከፍተኛው። ባለ ቴስተሩ ያለው ልክ ነው፣ የ50 ኸርዙ ዝግታ ለኛ ይጠቅማል።

ዘይት ትጠይቀኝ ይሆናል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታፍስበት፣ መዘውሩ ላይ ገብቶ ምላጩን ያንሸራትታል። ጎጃም ነው ያለኸው፣ ሰም አታጣም። ምላጩ ሳይቆርጥ እየሄደ ጧፍ ጎኑ ላይ አስነካው፣ ይበቃል። አሉሚኒየም ላይ በተለይ ልዩነቱን ታየዋለህ። ቀልጦ በቅርጽ ለፈሰሰ ብረት (ካስት አይረን) ግን ምንም አትቀባ፣ ደረቁን ነው የሚቆረጠው።

እኔ ሙያውን ያገኘሁት ባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ነው፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቭየቶች እርዳታ የተቋቋመው። እዚያ የነበረው መጋዝ ወደ ፊት ወደ ኋላ የሚመላለስ ነበር። ሲሄድ ይቆርጣል፣ ሲመለስ ያርፋል። ግማሹ ጊዜ ባዶ ነው። ባንድሶ ግን ሳያርፍ ይቆርጣል። ማርቆስ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጋቢ ያስለብሳል። ጋቢ ለብሶ ባንድሶ አጠገብ የሚቆም ሰው ሳይ ግን ማሽኑን አጠፋበታለሁ። ጓንትም ቢሆን እንደዚያው ነው። ምላጩ ሲሄድ ጓንት አይደረግም፣ ሲቀየር ነው የሚደረገው።

ዳንግላ ብየዳ (ዳንግላ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምላጭ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መንገዱን መጠበቅ ነው፣ ስለዚህ የተበጠሰውን አትጣል። እኔ የተበጠሱ የእንጨትም የብረትም ምላጮች በብር ብየዳ እቀጥላለሁ። ሁለቱን ጫፍ በሞረድ በተቃራኒ ሰያፍ ትሞርዳለህ፣ ሲደራረቡ ከምላጩ ውፍረት እንዳያልፉ። የጥርሱ ርቀት መጠበቁን እይ። ቀጥ ያለ አንግል ላይ በሁለት መቆንጠጫ አስረህ ጀርባቸውን ታስተካክላለህ። ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚቀባውን) ቀብተህ በጋዝ ነበልባል እስኪቀላ ታሞቀውና ዘንጉን ታስነካለህ፣ ራሱ ይሰርጋል።

ሰው የሚሳሳትበት ዘንጉ ላይ ነው። ፍሪጅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ፎስፈረስ ያለበት የመዳብ ዘንግ ለብረት አይሆንም። ይያያዛል፣ ያምራል፣ ሲታጠፍ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ብሩ 45 ከመቶ አካባቢ ያለበትን ጠይቅ። ከተያያዘ በኋላ ውኃ ውስጥ አትክተተው። ጥቁር ቀይ እስኪሆን ደግመህ አሙቀውና ነበልባሉን ቀስ እያልክ አርቀው፣ በዝግታ ይቀዝቅዝ። አለዚያ ከመጋጠሚያው ጎን ይበጠሳል። በመጨረሻ ትርፉን ሞርደህ ከምላጩ ጋር እኩል አድርገው፣ እብጠት ካለው መሪ ኩሽኔታው ላይ በየዙሩ ይመታልሃል።

ጥርሱ የረገፈውን ግን አልቀጥልም። እሱን ለቀጭን ቅርጽ ማውጫ አስቀምጠው። ቢላ እሠራበታለሁ አትበል፣ ጀርባው ለስላሳ ነው፣ ስለት አይይዝም።

የበቆሎ መፈልፈያ (ፍኖተ ሰላም)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካፓሲተሩን ቀየርኩት፣ አሁን ማታም ይነሳል። ገመዱ እውነትም ቀጭን ነበር፣ ቀየርኩት። ክብደቱን በሚዛን ሳየው ወደ 9 ኪሎ ነበር አያ ቶርኖ! ሞላዋን አጠበቅኳት። በአሮጌው ምላጭ እንኳ አሁን ግማሽ ሚሊ ነው የሚሸሸው። 24ቱንና 14ቱን መርካቶ ላለ ዘመዴ አዝዣለሁ፣ በአውቶቡስ ይመጣሉ። የዳንግላው ወንድማችን፣ አንድ የተበጠሰ አለኝ፣ ለገበያ ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ካምቢዮው ላይ አራት ብሎን ያላት ክዳን አለች። ስከፍታት ውስጡ ያለው ዘይት ሳይሆን ጥቁር ሊጥ ነው። ምን ላድርግ? ጥርሱ ቢጫ ነው፣ ብዙም አላለቀም።

ቶርኖ ማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

ቢጫው ነሐስ ነው፣ አልተበላም ካልክ ዕድለኛ ነህ። ሊጡን በጨርቅ አውጣ፣ በናፍጣ እጠበው፣ በጨርቅ አድርቀው። ብሎኖቹን ስትፈታ ከክዳኑ ሥር የነበረውን ማሸጊያ ወረቀት ካገኘኸው እሱን አስቀምጠህ በልኩ ከወፍራም ካርቶን ሌላ ቁረጥ። 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ሙላ፣ ግን እስከ አፉ አይደለም፣ የታችኛው ጥርስ እስኪሰምጥ ድረስ ብቻ። ከሞላኸው በሻፍቱ በኩል ይወጣና ምላጩ ላይ ይንጠባጠባል። ጥቂት ቀን ከሠራህ በኋላ ክዳኑን ክፈትና ዘይቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ብናኝ ካየህ ጻፍልኝ። ያኔ ሌላ ነገር እናያለን።

ምላጩ ሲደርስህ የትኛውን እንደላኩልህ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብልኝ። 14 ብሎ አዝዞ 6 የላኩለት ሰው አውቃለሁ።